የጉምቦ ጿሚ ዓሣዎች

ባምላክ ዓሣ ያስራበው በክፋት አልነበረም። ይሄን ከሁሉ አስቀድመን እንናገርለት፤ ኋላ ብዙ ነገር ስለሚባልበት። ሰውየው ባሕር ዳር ስለ ዓሣ ተማረ፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮም ስለዚያው ስለ ዓሣ ተማረ፣ ዶክተር ተባለ፤ በመጨረሻም ጁባ መጥቶ ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ ጉምቦ ላይ የዓሣ እርባታ አስፋፋለሁ በሚል ድርጅት ተቀጠረ። ዘመኑ በፈረንጆቹ 2009 ነው፤ ያኔ ጁባ ውስጥ ከትንኝ ቀጥሎ የሚበዛው ድርጅት ነበር።

ግቢው ውስጥ ሁለት የሲሚንቶ ገንዳዎች አሉ። በሁለቱም ውስጥ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ፤ ገና ጣት የማያህሉ። የፊተኛው ገንዳ ዓሣዎች በየቀኑ ይመገባሉ። የኋለኛው ገንዳ ዓሣዎች ግን ሰኞና ማክሰኞ ምንም ሳይቀምሱ ይሰነብቱና ከረቡዕ ጀምሮ እስኪጠግቡ ይበላሉ። የዓሣ ጫጩት ትንሽ ተርቦ ሲያገኝ፣ ያመለጠውን ለማካካስ እንደ ጉድ ይበላል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ያድጋል። እናም ባነሰ መኖ በየቀኑ ከሚበላው ወንድሙ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ሊስተካከል ይችላል ነው የተባለው፤ ይበልጠዋል ያለ የለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ። የፍሩሽካና የፋጉሎ ዋጋ ጁባ ላይ እሳት ነው፤ የጉምቦ አርቢዎች ከመኖው ጥቂት እንኳ ቢቆጥቡ ይጠቀማሉ ብሎ ነው ባምላክ የተነሳው። ይሄማ ምን ክፋት አለው?

ጣጣው የጀመረው ነገሩን ለግቢው ሰው ያስረዳ ዕለት ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ባምላክ ሁሉንም ገንዳው ዳር ሰብስቦ፣ ሳይንሱ ይግባቸው ብሎ፣ «እነዚህ የፍስኮቹ ናቸው፤ እነዚያ ደግሞ ጿሚዎቹ» አለ። «በጾማቸው ቀን ማንም ምንም እንዳይሰጣቸው። ፍርፋሪ እንኳ!»

በሞቴ፣ ሐበሻ ፊት ቆሞ እንዲህ ይባላል? ጿሚ ብለህ ስም ታወጣና የሚቀምሱት አትስጡ ትላለህ?

የግቢው ወጥ ሠሪ ማንያህልሻል እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። ሆዷ ለሰው ሁሉ የሚራራ፣ ምላሷ ግን ለማንም የማይመለስ ሴት ናት።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት?»

«እስከ ረቡዕ ጠዋት ነው እትዬ።»

«እስከ ረቡዕ! አክፋይ ናቸው እንዴ? አክፍሎትም ቢሆን እኮ በዓመት አንዴ ነው ልጄ። በየሳምንቱ የሚያከፍል ዓሣ ምን የመሰለ ኃጢአት ቢኖርበት ነው?»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ባምላክም ሳቀ፤ ስቆም ረሳው። መኖ የሚያቀርበው ሐምዱ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ ሰኞ ሰኞ ሱና ይጾም ነበርና፣ «እንደኔው ናቸው በላ!» ብሎ ጢሙን ዳበሰ። ያልሳቀው ዘበኛው ጋትሉዋክ ብቻ ነው። ጋትሉዋክ ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ አድጎ፣ ሰላሙ ሲፈረም ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው፤ አማርኛው ከብዙዎቻችን የጠራ። ውሃውን ትኩር ብሎ አየና፣ «ራሽን ያልመጣበት ቀን ማለት ነው» አለ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ስምኦን ይሄን ሁሉ ከቢሯቸው መስኮት ሆነው ያዩ ነበር። የጿሚዎቹ ገንዳ ከመስኮታቸው ሥር ነው። አቶ ስምኦን የሚኖሩት ጁባ ከተማ፣ ኮሎሎ ሰፈር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ድልድዩን ተሻግረው ሲመጡ ከእጃቸው ሁለት ነገር አይጠፋም፤ አንድ ፌስታል ብስኩትና አንድ አዲስ የቁጠባ ሐሳብ። ብስኩቱን መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይበሉታል። የቁጠባውን ሐሳብ ግን ለሁሉም ያካፍላሉ፤ በዚህስ አይታሙም።

ጾሙ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሰኞ ከበድ ያለ ነበር። የሰው ጥላ ውሃው ላይ ባረፈ ቁጥር እነዚያ ሚስኪኖች እየተጋፉ ይመጡና አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ያያሉ። ድምፅ የለ፣ ልመና የለ፤ አፍ ብቻ። ባምላክ ራሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ነበር። አሳዝነውታል፤ ግን ሳይንቲስት ነዋ፣ ምን ያድርግ?

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ቀለለ። ጿሚዎቹ ደህና ሆኑ። እንዲያውም ሰኞ ሰኞ ጥላ ሲያዩ መጋፋቱን ተዉት፤ ዝም ብለው እንደ ባለጸጋ ይንሳፈፋሉ። ባምላክ፣ «ሰውነታቸው ረሃቡን ለመደው» ብሎ ተደሰተ። አንዳንዴ ከገንዳው የብስኩት ወረቀት ያወጣና፣ «የጁባ ንፋስ!» ብሎ ይራገማል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ሁዳዴ አለቀ፣ ፋሲካ ዋለ፣ ሃምሳው ገባ፣ ወጣ። የመመዘኛው ቀን ደረሰ። ባምላክ መረቡን ወደ ፊተኛው ገንዳ ሰደደ፤ የፍስኮቹ ደህና ናቸው። ወደ ኋለኛው ሰደደ። እናንተዬ! ጿሚዎቹ ዳቦ ዳቦ አክለዋል። ሚዛኑን ዳግመኛ አስተካክሎ መዘነ፤ ያው ነው። በየቀኑ የበሉት ታናናሾች፣ የተራቡት ታላላቆች ሆነው ቁጭ።

ልክ እዚህ ላይ ነው የተማረ ሰው ቆም ማለት ያለበት። ሊስተካከል ይችላል የተባለ ነገር በልጦ ሲገኝ፣ «እስቲ ቆይ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ?» ይባላል። ባምላክ ግን ልቡ ጮቤ ረገጠ። ዘገባውን ጽፎ ላከ፤ ከላይ የምስራች መጣ፤ ካምፓላ ላይ ትልቅ ስብሰባ አለ፣ እዚያ ቆመህ ታቀርባለህ ተባለ። አዲስ ሸሚዝ ገዛ። መስተዋት ፊት ቆሞ «ክቡራትና ክቡራን» ማለት ጀመረ።

አቶ ስምኦን ግን ዘገባውን ሲያነቡ የታያቸው ዓሣ አልነበረም። ባምላክን ቢሯቸው አስጠሩት።

«ዶክተር፣ ድንቅ ነው የሠራኸው። ይሄ ማለት እኮ ሰኞና ማክሰኞ መብላት ልማድ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም ማለት ነው።»

«ለዓሣ ጫጩት ነው አቶ ስምኦን። ለዚያውም…»

«ሆድ ሆድ ነው። ሳይንስ ያዳላል እንዴ?»

ባምላክ አፉን ከፈተ። ሰው ዓሣ አይደለም ሊል ነበር። ግን ካምፓላ ጉሮሮው ላይ ተቀረቀረች። የራሱን ውጤት ዛሬ ካጣጣለ ነገ ማን ይልከዋል? አፉን መልሶ ዘጋና፣ «እንግዲህ እርስዎ እንዳሉ» ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ በራሱ አፈረ፤ ቢሆንም ወረደ።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበና አዋጁ ተነገረ። ከእንግዲህ ሰኞና ማክሰኞ የግቢው ምሳ የለም። ረቡዕ ሁሉም ያካክሳል። ሠራተኛው ሳይከሳና ሥራ ሳይበደል ከዘለቀ፣ ምሳ ከነጭራሹ ትርፍ ነገር ነው ማለት ነው፤ ወጥ ቤቱም ይዘጋል። «ይህ ከእኔ አይደለም» አሉ አቶ ስምኦን፣ በጣታቸው ባምላክን እያሳዩ፤ «ከሳይንስ ነው።»

ሁሉም ዞሮ ባምላክን አየው። ማንያህልሻል ግን አላየችውም፤ መሬት መሬት ነበር የምታየው። ወጥ ቤቱ ለእሷ ሥራ ብቻ አልነበረም። ባሏ ሀይ ጀላባ ከፍቶት የነበረው ምግብ ቤት ከእሱ ሞት ጋር ሲዘጋ፣ ያለችውን ድስትና ሰፌድ ይዛ የገባችው እዚህ ግቢ ነው። መኝታዋም ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት። ወጥ ቤቱ ተዘጋ ማለት፣ በዚህ ዕድሜዋ ጓዟን ጠቅልላ ወዴት እንደሆነ ወደማታውቀው መሄድ ማለት ነው። ባምላክ ወባ ይዞት አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ደግሞ፣ አጥሚት ይዛ ራስጌው የተቀመጠችው ይቺው ሴት ናት። አሁን በእሱ ዓሣ ምክንያት ልትነቀል ነው።

የመጀመሪያው የረሃብ ሰኞ መጣ። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ምሳ የለም። ስምንት ሆነ፤ የሰው ሆድ እየጮኸ ከቢሮ ቢሮ ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የባምላክ በር ቀስ ብሎ ተከፈተና ማንያህልሻል ባልዲ ይዛ ገባች። ባልዲው ላይ የወለል መጥረጊያ ጨርቅ ተጥሏል። ጨርቁን ስታነሳው ከሥሩ በሳህን የተከደነ ምስር ወጥና እንጀራ!

«ቶሎ ብላ» አለችው በሹክሹክታ። «ገና ብዙ ቤት አለብኝ።»

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ሰኞና ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማንያህልሻል ወለል ልትጠርግ ባልዲ ይዛ ትዞራለች፤ ግቢው ሁሉ በየበሩ ጀርባ እየተጎራረሰ ይበላል። የተሰረቀ ምሳ ደግሞ እንዴት እንደሚጣፍጥ! ሰው ወፈረ። አቶ ስምኦንም ሠራተኛውን ከእግር እስከ ራስ እያዩ፣ «ይኸው! ማን ከሳ? እንዲያውም ፊታችሁ ወዛ!» እያሉ ፈነደቁ። ወሩ ሲያልቅ ወጥ ቤቱን እንደሚዘጉም ተናገሩ።

ባምላክ ያን ጊዜ ደነገጠ። በቀጥታ ወጥ ቤት ገባ። ማንያህልሻል ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«እትዬ፣ በፈጠረዎት ይተዉን! የሚያበሉን እርስዎ፣ የሚባረሩት እርስዎ! ሰውየው እኮ ወጥ ቤቱን የሚዘጋው አልከሱም ብሎ ነው። ትንሽ ይራቡ ይበሉን፣ እንክሳ፣ ያኔ ይተወዋል።»

«ምን ቆርጦኝ!» ቢላዋውን አስቀመጠች። «እያየሁ ሰው ላስርብ? ምን አንጀት አለኝና? ለነዚያ ለዓሣዎቹ እንኳ መቼ ጨከንኩ!»

ባምላክ ባለበት ቆመ። ድስቱ ብቻ ይንተከተካል።

«ምን አሉ?»

ማንያህልሻል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቃሉ ግን ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ምን ትደብቃለች? ትከሻዋን ነቅንቃ ተናገረች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹሙ ብያለሁ፤ አልከለከልኩም። ከዘጠኝ በኋላ ግን ጿሚ ይቀምሳል ልጄ፤ ይሄ ሕግ ነው። ሽሮ ፍትፍት ነው የሰጠኋቸው። የጾም ነው፤ ቅቤ አላስነካሁትም፣ አምላኬ ያውቃል።»

«ከፋሲካ በኋላስ?»

«በሃምሳው ውስጥ ምን ጾም አለና? እሱን ጊዜማ እንዳመቸኝ ነው የሰጠኋቸው።»

ባምላክ ዱቄት ጆንያው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሳቅ መጣበት፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እንባ ነገር። ያ ሁሉ ሳይንስ ሽሮ ነበር። ካምፓላ ሽሮ ነበረች። ዝም ቢል ግን ማንም አያውቅም፤ ሸሚዙን ለብሶ ይሄዳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ሲመለስ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ማንያህልሻል አየችውና፣ «ለሰውየው ብትነግረው ዛሬውኑ ነው የሚያባርረኝ» አለች። «ባትነግረውም በወሩ መጨረሻ። አንተ እንደፈለግህ አድርግ፤ እኔ ያበላሁበት አይጸጽተኝም።»

ባምላክ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ሐሙስ ጠዋት፣ ሠራተኛው አቶ ስምኦን ቢሮ በተሰበሰበበት፣ ተነሥቶ ቆመ።

«ጿሚዎቹ አልጾሙም» አለ። «ሲበሉ ነው የከረሙት። ያደጉት በረሃብ አይደለም፤ በምግብ ነው። መጠበቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አልጠበቅኩም። ውጤቱ ውጤት አይደለም። በዚህ ተመሥርቶ የሰው ምሳ ሊቀር አይገባም።»

አቶ ስምኦን መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነው ያበላቸው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ እኮ።»

«ማን ነው ያበላቸው!»

ማንያህልሻል ከኋላ ተነሣች። «እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

አቶ ስምኦን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጋትሉዋክ ተነሣ። «እኔም ነኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከገንፎዬ፣ ከአሲዳዬ እሰጣለሁ» አለ። «ካምፕ እያለን ራሽን ሲቆም አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ የራሷን ታካፍለን ነበር። እና እኔ ምን ላድርግ? ቆሜ ልይ?»

መኖ ሊያራግፍ መጥቶ በር ላይ የቆመው ሐምዱ ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ሰኞ ሰኞ መግሪብ ላይ ሳፈጥር ከቴምሬ አካፍያቸዋለሁ። ጿሚ ማስፈጠር አጅር፣ ምንዳ አለው ወንድሞቼ፣ ልተወው አልችልም።»

አቶ ስምኦን ጠረጴዛውን መቱ። «ይሄ ድርጅት ነው የሰንበቴ ማኅበር? አንድ ሰው እንኳ መመሪያ የሚያከብር የለም?»

«አቶ ስምኦን» አለ ጋትሉዋክ፣ በትሕትና፤ «ያልተናዘዘ አንድ ሰው ቀርቷል። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከላይ፣ በመስኮት።»

ሁሉም ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ገንዳ አሰበ። ባምላክ ከውሃው ሲለቅም የከረመውን የብስኩት ወረቀት አስታወሰ። ለካ ንፋሱን ያለ ኃጢአቱ ነው ሲረግመው የኖረው!

አቶ ስምኦን ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። «አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል እኮ!» ብለው ጮኹ። «ወረቀት ላነብ ስል አፍ! ስልክ ላነሳ ስል አፍ! አንጀቴን በሉት፤ እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«እኛስ?» አለች ማንያህልሻል።

«እናንተ ምን?»

«እኛ አንጀትዎን አልበላነውም ወይ?»

አቶ ስምኦን ከልባቸው ግራ ገባቸው። «እናንተማ ዝም ብላችሁ ሥራችሁን ትሠራላችሁ። ከእናንተ ውስጥ ማን አፉን ከፍቶ አይቶኝ ያውቃል?» አሉ። ከዚያም ኮታቸውን አስተካክለው ቀጠሉ። «ለማንኛውም ውሳኔው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተልኳል። የተበላሸው ሙከራው ነው እንጂ ውሳኔው አይደለም። ወጥ ቤቱ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። አንተ ዶክተር፣ ካምፓላን እርሳት፤ አዲስ ጫጩት አስገብተህ ከሰኞ ጀምሮ እንደገና ትጀምራለህ።»

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። አቶ ስምኦን ላይ ግን ይሄ ተረት እንኳ በትክክል አይሠራም፤ የተራበ ዓሣ ያውቃሉ፣ የተራበ ሰው ነው የማይታያቸው።

ሰኞ መጣ። ባምላክ አዲሶቹን ጫጩቶች አስገብቶ፣ አዲሱን ጾም አስጀመረ። ሰባት ሰዓት ላይ ከቢሮው ሲወጣ ጋትሉዋክ ከገንዳው አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ረጅም አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ አፉን ከፍቷል። ምንም አይናገርም።

«ማላክ? ምን ሆነህ ነው?» አለው የድርጅቱ ሹፌር ከመኪናው ወርዶ፣ ዐረብኛና አማርኛ እየቀላቀለ። ሹፌሩ ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ ዓሣዎቹ አየ፤ ገባው። ሄዶ አጠገቡ ቆመና እሱም አፉን ከፈተ። ከዚያ የቢሮዎቹ ሰዎች አንድ በአንድ ወጡ። ሐምዱ ጾመኛ ነው፤ ቢሆንም ለጓደኝነት ብሎ ከፈተ። ማንያህልሻል ሽርጧን እንዳደረገች መጥታ ከመሀላቸው ቆመች፤ ያቺ መልስ የማታጣ ሴት፣ አፏን ከፍታ ዝም!

ባምላክ ደረጃው ላይ ቀረ። እሱ እኮ ዶክተር ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው አደባባይ ላይ አፉን ከፍቶ ይቆማል? ከዚያ ግን ያን ቀን በአቶ ስምኦን ቢሮ ከፍቶ የዘጋውን አፍ አስታወሰ። ያኔ መከፈት የነበረበት አፍ ነው። ወርዶ ከማንያህልሻል አጠገብ ቆመ፤ አንጋጦም ከፈተው። እፍረቱ ወዲያው ለቀቀው፤ እንዴት ደስ እንዳለው!

አቶ ስምኦን በመስኮት ብቅ አሉ። አዩ። «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። አፍ። «ወደ ሥራችሁ!» አሉ። አፍ ብቻ። መጋረጃውን ዘጉት። ቆዩና ገለጥ አድርገው ቢያዩ፣ አሁንም አፍ። ያን ጊዜ የለመደች እጃቸው ባለቤቷን ሳታማክር ወደ መሳቢያው ሄደች፤ ብስኩት ይዛ ወጣች፤ በመስኮቱም ተዘረጋች። እዚያ ላይ ደርሳ ቆመች። አቶ ስምኦን እጃቸውን አዩት፤ ከሥሩ የተደረደረውን የሰው ፊት አዩ። አንድ በአንድ፣ ሁሉንም አዩ። ስንት ዓመት አብረው ሲሠሩ፣ በደንብ ያዩዋቸው ዛሬ ይመስላል።

እጃቸውን ሰበሰቡ። ብስኩቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ማንያህልሻል» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፤ «ወጥ… አለ እንዴ?»

ማንያህልሻል አፏን ዘጋች። «ከጠዋት ጀምሮ ጥጃለሁ» አለች። «ለእርስዎም አለ።»

ያን ዕለት ምሳው የተበላው እዚያው ገንዳው ዳር ነው። ወጥ ቤቱ አይዘጋም ተባለ፤ የዋናው መሥሪያ ቤት ውሳኔስ ሲሏቸው አቶ ስምኦን፣ «እዚያ ያሉት ሰዎች መስኮት የላቸውም» ብለው መሶቡ ጋ ተጠጉ። ማንያህልሻልም የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸውን አጎረሰቻቸው፤ ለበቀል ይሁን ለፍቅር እንጃ፣ ጉርሻዋ ትልቅ ነበር።

ሁሉም ሞቅ ብሎት እየሳቀ ሳለ፣ የሰዎቹ ጥላ ውሃው ላይ አረፈ። አዲሶቹ ጫጩቶች እየተጋፉ መጡና አፋቸውን ከፈቱ። ሳቁ ቆመ። ሁሉም እንጀራውን በእጁ እንደያዘ ዞሮ ባምላክን አየው። ሰኞ ነው፤ የሙከራው የመጀመሪያ ቀን ነው።

ባምላክ ፊቱን ወደ አጥሩ ሊያዞር ሞከረ፤ አልቻለም።

«ዛሬን ብቻ» አለና ጉርሻውን ወረወረላቸው።